የሰናይት ጠንካራ ጎን

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ አምስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰናይት በጉለሌ በቀበሌያችን አዳራሽ ፒያኖ ተጫወተች። አራት ደቂቃ ገደማ ፈጀባት። ሰዓቱን የማውቀው ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ዘመኑ የደርግ ነው። ፒያኖው ከተዘጋ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ተወርሶ የመጣ ሲሆን፣ በወንበር ክምርና በመፈክር ሰሌዳዎች መሃል ቆሞ ነበር። ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው እርጥበት ገብቶበት ሁለት ቁልፎቹ አንዴ ከተጫንናቸው አይነሱም፤ በጥፍራችን ጎትተን እናነሳቸው ነበር። ክዳኑ ሲከፈት የአሮጌ እንጨትና የሰም ሽታ ይወጣል። ያስተማሩን ጋሽ ሉቃስ ነበሩ፤ በጸሎት ቤቱ ያንኑ ፒያኖ ሲጫወቱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው።

ቀበሌው ትምህርቱን የፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። እንደማንኛውም ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። አንድ ልጅ ተጫውቶ ሲጨርስ ቆሞ መጀመሪያ ራሱን ይነቅፋል፣ ቀጥሎ ሌሎቻችን እንነቅፈዋለን። ፎርሙ ሁለት ቦታ ነበረው፤ ከላይ "ጠንካራ ጎን"፣ ከታች "ደካማ ጎን"። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። በካርቦን ሁለት ቅጂ እጽፋለሁ፤ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለእኛ።

ነገሩን ጨዋታ አደረግነው። ቢኒያም የሚባል የክፍላችን ልጅ የትልልቆቹን የስብሰባ አነጋገር ጥርት አድርጎ ይችልበት ነበር። "የጓዲት ከበቡሽ ቀኝ እጅ ከግራው ጋር ሳይመካከር ለብቻው ይገሰግሳል!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። "ጥሩ ነው" ያለ ግን ወዮለት። "አድርባይ! አድርባይ!" እያልን እንጮህበታለን። ስለዚህ የላይኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ይጻፍበታል፤ "ይሞክራል" ወይም "ሰዓት ያከብራል"።

ጋሽ ሉቃስ ይህን አልወደዱትም። እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ "ምን ሰማሽ?" የተጫወተችዋን ልጅ ስህተት ስቆጥርላቸው፣ "እሱንማ ጣቷም ያውቀዋል። አንቺ ምን ሰማሽ ዘይነባ?" ይሉኛል። መቁጠር ግን እችልበት ነበር።

ሰናይት ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ነበሩ፤ የእኔ አባት ሱቅ ከእሳቸው ፊት ለፊት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከኋላዬ እየሄደች መልመጃዋን በጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ትጫወትብኝ ነበር። የትኛውን እንደምትጫወት ከምቱ አውቀው ነበር።

የዚያ ቅዳሜ ስብሰባ ከሌላው ጊዜ ይለይ ነበር። ቀበሌው ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለአንድ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍ ነው። ያለ ደብዳቤው ፈተናው አይታሰብም። ሰናይት ከሁላችንም ትበልጥ ነበር፤ ጋሽ ሉቃስም አንድ የድሮ ጀርመናዊ የደረሰውን አጭርና ዝግ ያለ ዜማ ሲያስጠኗት ከርመዋል። የቀበሌው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ታፈሰ ከፊት ተቀምጠዋል። ልንጀምር ስንል ቢኒያም ጠጋ ብሎ፣ "ዛሬ ጸሐፊዋን እናያታለን። ለጓደኛሽ ማዳላትሽ አይቀርም" አለኝ።

ሰናይት ተጫወተች። ከጠዋት የጀመረው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ መደብደቡን አላቋረጠም፤ እኔ ግን አልሰማውም ነበር። ዜማው እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ አባቴ ከግድግዳው ማዶ በቀስታ ሲያናግራት የሰማሁትን ድምፅ አስታወሰኝ፤ ቃሉ የማይለይ፣ ርኅራኄው ግን የሚሰማ። የጋሽ ሉቃስ ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። አልጻፍኩትም። የጻፍኩትን ቆሜ አነበብኩ፤

"አንደኛ፣ ግራ እጇ ሁለት ቦታ ዘግይቷል። ሁለተኛ፣ መጨረሻው ላይ ቸኩላለች። ሦስተኛ፣ ስትጫወት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል።"

"ከንፈሯ ምን እያለ?" አሉ ጓድ ታፈሰ።

ሰናይት መሬት መሬቱን አየች። ጋሽ ሉቃስ ፈጠን ብለው፣ "ምት እየቆጠረች ነው ጓድ። ልጆች ሲጫወቱ ይቆጥራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." አሉ።

ጓድ ታፈሰ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። እየቆጠረች ነበር?"

አባቴ ከሶላት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ከንፈሩ እንዲያ ሲንቀሳቀስ በየቀኑ አያለሁ። ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ጋሽ ሉቃስ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ቢኒያምም እንዲሁ።

"አይ፣ ቁጥር አልነበረም" አልኩ።

አድርባይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጓድ ታፈሰ አልተቆጡም። "ይህ እኮ ጸሎት ቤት አይደለም" ብለው የቀበሌውን ቅጂ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ደብዳቤው አልተጻፈም። በሳምንቱ ስንመጣ የፒያኖው ክዳን ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሉቃስ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ተጠየቁ። ከዚያ ቁስቋም አካባቢ ዘመድ ጋር ገቡ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህን ላረጋግጥ አልቻልኩም። ሰናይት እንደ ድሮው ከኋላዬ እየሄደች ወደ ቤት ትመለስ ነበር። ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲያ ትከሻዬን ነክተውት አያውቁም።

እኔ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ያየሁትን ያየሁ፣ ያላየሁትን ያላየሁ ማለት እንጀራዬ ሆነ። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ስንት ጊዜ መርምሬዋለሁ፣ ስህተት አላገኘሁበትም። ዛሬ ልጄ ፒያኖ ትማራለች። አስተማሪዋ የሚልኩላት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ጥሩው ነው፣ የሚታረመው ቀጥሎ ይመጣል። ልጄ ይህን እንደ አዲስ ዘመን ነገር ታየዋለች። የእኛም ፎርም ቅደም ተከተሉ እንዲሁ እንደነበር አልነገርኳትም።

ሰናይትን ካደግን በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ፤ አዲሱ ገበያ ታክሲ ስንጠብቅ። የመጋረጃ ጨርቅ ቤት ከፍታ ነበር።

"ያን ቀን እኮ" አልኳት፣ "በጣም ቆንጆ አድርገሽ ነበር የተጫወትሽው።"

"አንቺ ሴትዮ! አሁን ነው የምትነግሪኝ?" ብላ ሳቀች። ቀጥላ፣ "ግን ግራ እጄ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የዘገየው?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"ሦስት ነው" አለች፤ ታክሲዋ መጥቶ ነበርና ገባች።

የካርቦን ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። "ደካማ ጎን" ከሚለው ሥር ሦስት መስመር ተጽፏል። "ጠንካራ ጎን" ከሚለው ሥር የተጻፈ ነገር የለም።