ጨው ያነሰው ምስክርነት

ባለፈው እሑድ ጎባ ከምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ሳያልቅ ወጣሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ጨጓራዬ የተነሳብኝ መስሏቸው ውሃ ይዘው ተከተሉኝ። ጨጓራዬስ ደህና ነው። ያቅለሸለሸኝ መድረክ ላይ የቆመው ናትናኤል ነው። ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ለመጠመቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ለጥፎ፣ አጎቱ ቤት ሲኖር በጫትና በመጠጥ እንደጠፋ፣ ያስለመደውም ያው አጎቱ እንደሆነ ይተርካል። ሰው እልል ይላል። አጎቱን አውቀዋለሁ። ጋራዥ ውስጥ ሲለፋ ውሎ ይህን ልጅ ያሳደገ፣ ከሻይ የከበደ ነገር የማይቀምስ ሰው ነው። ናትናኤልም ቢሆን ስሙን ስጠራ እንኳ "አቤት" ለማለት የሚያፍር ልጅ ነበር።

እኛ ዘንድ ምስክርነት እንደ ወጥ ሆኗል፤ ቅመም ካልበዛበት እንግዳ አይቀርብለትም። ይህን ስል ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ይህንን ወጥ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ለዚያ ነው ሽታውን ከሩቅ የማውቀው።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ከአጋርፋ መጥቼ ሮቤ ላይ ቤት ተከራይቼ ነው። ወላጆቼ ማርያምን የሚዘክሩ ገበሬዎች ነበሩ። እኔ ደግሞ መዝሙሩ ስቦኝ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ጴንጤዎቹ ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። በአውቶቡስ ይላክልኝ የነበረው የበሶ ከረጢት አንድ ቅዳሜ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረ። መናኸሪያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ረዳቱን ስጠይቀው "የአጋርፋው አባትሽ ምንም አልሰጡኝም" አለኝ። ያን ዕለት ቤት እንደሌለኝ ገባኝ።

የተከራየሁት አዴ ዘሃራ ግቢ ነበር። አዴ ዘሃራ ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም ሴት ናቸው፤ በየዓመቱ ለዚያራ፣ መቃብሩን ሊሳለሙ፣ ሼክ ሁሴን ይሄዳሉ። ሦስት ላሞች ነበሯቸው። ጠዋት ጠዋት ዕቃቸውን በወይራ ጭስ አጥነው ለሰፈሩ ወተት ይሸጣሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጣሳውን ይዞ እሳቸው በር ላይ ይሰለፋል። ሥጋ አብረን የማንበላ ሰዎች ወተት ላይ ተጣልተን አናውቅም ነበር።

ስንቄ በተቋረጠ ሰሞን ንዳድ ያዘኝ። አዴ ዘሃራ ከዚያራ የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው፤ የመንገዱ ድካም ገና አልወጣላቸውም፣ እግራቸው አብጧል። በዚያ እግር እየተመላለሱ የገብስ አጥሚት በወተት ቀቅለው በማንኪያ ያጠጡኝ ነበር። ያስመለስኩትንም በእጃቸው ይጠርጋሉ።

"ጠጪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" ይሉኛል። "ለአላህም ሆነ ለኢየሱስ የምትጠቅሚው ስትድኚ ነው።"

ያመንኩት በዚያ አልጋ ላይ ነው። ራእይ አላየሁም፣ አልጮህኩም። ጓደኛዬ ያዋሰችኝን ወንጌል ሳነብ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ይህ ሰው የሚናገረው እውነት ነው አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጠራጥሬአለሁ፤ ያችን ከሰዓት በኋላ ግን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ብዙ ያልቆየበት ነበር። በር ዘግቶ ሲዘምር የኖረ ምእመን ድምፅ ማጉያ አግኝቶ ሮቤን ከዳር እስከ ዳር ያሰማት ነበር። ለመጠመቅ የተመዘገበ ሁሉ አስቀድሞ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጌታ ከምን እንዳወጣው ይመሰክራል። የወጣቶቹ መሪ ወንድም ታደለ አንድ በአንድ ያለማምደን ነበር። የእኔን ሲሰማ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

"ጨው ያንሰዋል፣ እህቴ" አለኝ። "ታመምሽ፣ አነበብሽ፣ አመንሽ። ይሄ ማንን ያንጻል? ጠላት በምን አስሮሽ ነበር? እስኪ አስቢ። ለመሆኑ የምትኖሪው የት ነው?"

"አዴ ዘሃራ ግቢ።"

"ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ሴትዮ? እህ" አለ።

ከዚያ በላይ አልተናገረም። የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰው አስገድዶኝ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እሑድ መድረኩ ላይ ወጥቼ፣ የቤት አከራዬ ከሼክ ሁሴን ያመጡትን አፈር በወተት በጥብጠው እንዳጠጡኝ፣ ከዚያ ወዲያ መንፈስ ገብቶብኝ እንደወደቅኩ፣ በኢየሱስ ስም እንደተፈታሁ ተናገርኩ። እንባም መጣልኝ። እንባው እንኳ ዋሽቶ ነው የወረደው። አዳራሹ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። ሴቶቹ አቀፉኝ፤ አንዷ ሹራቧን አውልቃ አለበሰችኝ፤ ሌላዋ ቤቷ ወስዳ የበግ ወጥ አበላችኝ። "የኛ ልጅ" ተባልኩ። ያንን ምሳ ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ ሊያስመልሰው እንደሚል ሰው።

በማግስቱ የአዴ ዘሃራ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ቀነሰ። ሐሙስ ላይ የመጣው ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነበር። "ወተቱ ውስጥ አፈር ትነሰንሳለች" ይባል ጀመር፤ ኦርቶዶክሱም ተቀበለው፤ አንዳንድ ሙስሊሞችም ለምን ጣጣ ውስጥ እንገባለን ብለው ቀሩ። ላም ደግሞ ሐሜት ስለመጣ ማለብሽን ተዪ አትልም። ዕቃው ሁሉ ሞላ። የተናጠውን ቅቤ የሚገዛ ጠፋ፤ የተረፈው ወተት ኮመጠጠ፣ ሻገተ፣ ለውሻ ተደፋ። ሽታው በክፍሌ በር ስንጥቅ እየገባ ልብሴ ላይ፣ ብርድ ልብሴ ላይ ተቀመጠ። የሚሸተው የአዴ ዘሃራ ወተት አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውሸት ነው የተናገርኩት።"

ዕቃ እያጠቡ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም።

"ውሸትሽን በድምፅ ማጉያ ነው የተናገርሽው" አሉኝ። "እውነትሽን ለኔ በጓዳ አትንገሪኝ። እኔማ አውቀዋለሁ።"

ወንድም ታደለ ዘንድ ሄድኩ። አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በትዕግሥት አዳመጠኝ። "እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል" አለኝ። "በግል ንስሐ ግቢ፤ ጉባኤውን ለምን ታስደነግጪዋለሽ? በምስክርነትሽ የተነኩ ነፍሳት አሉ እኮ።" ፈገግ ሲል ጥርሱ ነጭ ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ተጸይፌ አላውቅም፤ የባሰው ደግሞ የምጸየፈውን ሰው ምክር ብቀበል ደስ ይለኝ ነበር። ዝም ካልኩ እጠመቃለሁ፣ ወገን አለኝ። ከተናገርኩ አባቴም እነሱም የሉኝም።

ከጥምቀቱ በፊት ባለው እሑድ ተጠማቂዎች ስማቸው እየተጠራ ይቆማሉ። ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ ነበር የሚቀመጠው። የእኔ ተራ ሲደርስ ቆሜ፣ "አዴ ዘሃራ ያጠጡኝ አጥሚት ነው። ከሞት ያተረፉኝ እሳቸው ናቸው። የመሰከርኩት ውሸት ነው፤ ማመኔ ግን እውነት ነው" አልኩ። ማይክሮፎን አልሰጡኝም፤ በባዶ ድምፄ ነው የጮህኩት።

ሃሌ ሉያ ያለ አልነበረም። አግዳሚው ላይ አብረውኝ የነበሩት ሴቶች ቀስ እያሉ ራቁ፤ ሹራቧን የሰጠችኝ ጭምር። ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ያኔ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አዛውንት ከወንዶቹ ወገን ተነሱ። የበግ ሽታ ከልብሳቸው የማይለቅ የገብስ ገበሬ ናቸው፤ መድረክ ላይ አይቻቸው አላውቅም። ዱላቸውን እየመረኮዙ በመሐል መተላለፊያው ተሻግረው፣ ከሴቶቹ ወገን እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

"እኔም ምስክርነት የለኝም፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ገብስ ሳጭድ ነው ያመንኩት።"

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ጣሳ ይዘው አዴ ዘሃራ በር ላይ ቆሙ። ወተቱን አስቀድተው ቤታቸው አልወሰዱትም፤ እዚያው መንገዱ ላይ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ እያየ፣ ጭልጥ አድርገው ጠጡት። ሰልፉ እንደገና እስኪሞላ ግን ወራት ፈጀ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጥምቀቴን ለሚቀጥለው ዓመት አዘዋወሩት። ስጠመቅ የሻያ ወንዝ ውሃ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ዳር ላይ ቆመው ጋቢ ያለበሱኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። አዴ ዘሃራ ያን እሑድ ምን እንደተናገርኩ ሲነገራቸው "ሰማሁ" ብቻ ነው ያሉት። ከቤታቸው አላስወጡኝም። ትምህርቴን እስክጨርስ እዚያው ኖርኩ፤ ሁለት ጊዜም ታመምኩ። አጥሚት ግን ዳግመኛ አላመጡልኝም። አልፈርድባቸውም።

ናትናኤል ማክሰኞ ቤቴ መጣ። ጉባኤውን ጥዬ መውጣቴ አሳስቦት ነው። አጎቱ ጋራዥ ከእሑድ ወዲህ ሠራተኞቹ እንደሚሳሳቁበት፣ አጎቱም ራት ላይ አንገቱን ደፍቶ እንደሚበላ ነገረኝ። እኔም ይህንን ታሪክ ነገርኩት። 

"ተመልሼ ብናገር ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ።

"ምንም አይልህም። ዝም ነው የሚልህ።"

"አጠገቤ የሚቀመጥ እንኳ አይኖርም" አለ፣ ጫማውን እያየ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፤ የመሐል መተላለፊያው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጉልበት ረጅም ነው።

"እሑድ እኔ የምቀመጠው ከወንዶቹ ወገን ነው" አልኩት።