ልጄን በካሜራ ስሸኝ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎፋ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሥራዬም ብዙ ትምህርት አይጠይቅም፤ ሰውን ማስቆም ነው። ለመታወቂያም ይሁን ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ከእንጨት ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን በጣቴ ቀና አደርግለታለሁ፣ «ትንፋሽዎን ይያዙ» እለዋለሁ። ይይዛል። አነሳለሁ። «ይተንፍሱ» ስለው ተነስቶ ይሄዳል። ልጄም እግሯ መሬት ሳይነካ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ እየተቀመጠች ትንፋሽ መያዝን ከእኔ ተምራለች።

ይህችው ልጄ አድጋ መካኒክ ሆነች። መካኒክነቱን አልጠላሁትም። አንድ አሮጌ ቀይ ዲኤክስ መኪና አግኝታ፣ ሆድ ዕቃዋን ዘርግፋ እንደገና ሠርታ፣ «እወዳደርባታለሁ» ያለች ዕለት ግን እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እናቷ ሳህኑን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ብዙ ቆየች።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ፎቶ አንሺዋ እኔ ሆንኩ። እንደለመድኩት የካሜራውን መዝጊያ ፈጣኑ ላይ አድርጌ አነሳኋት። መኪናዋ ጥርት ብላ ወጣች፤ ጠጠሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ልጄ አየችና ሳቀች።

«አባዬ፣ ፓርኪንግ ያቆምኳት አስመሰልከኝ እኮ።»

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ፎቶውን ወድጄው ነበር። እዚያ ውስጥ ልጄ ቆማለች። የቆመ መኪና ደግሞ አይገለበጥም።

እሷ የፈለገችው ሌላ ነው። ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። መኪናው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከኋላው ያለው መሬትና ዛፍ ግን እንደ ሸማኔ ድር ወደ ጎን ተስቧል። ፍጥነቱ ከመሬቱ ላይ ይታያል። «እንዲህ አድርገህ አንሳኝ» አለችኝ። አሠራሩን ከስልኳ ላይ እያነበበች ነገረችኝ፤ መዝጊያውን አዘግየው፣ መኪናውን ከሩቅ ተቀበለው፣ አብረኸው ዙር፣ እየዞርክ ተጫን፣ ከተጫንክም በኋላ አትቁም።

የመጨረሻዋ ናት የከበደችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ስጫን መላ ሰውነቴ ቀጥ ይላል፤ ትንፋሼም፣ ወገቤም። በኋላ ግን በራሴ መንገድ ገባኝ። እኛ እንግዳ ስንሸኝ በር ላይ አንቆምም። ጥቂት እርምጃ አብረነው እንሄዳለን፤ «ተመለሱ፣ ይበቃል» እስኪለን። መኪናም እንደዚያ ነው። ፎቶው በሩ ነው፣ ከበሩ አልፈህ ትንሽ ትሸኘዋለህ። እግርን ፎቶው ወደሚነሳበት ቦታ መትከል፣ ክንድን ከጎን አጥብቆ መያዝ፣ ወገብን ወደሚመጣበት አዙሮ መጠበቅ፣ ከዚያ አብሮ መፈታት።

ለመለማመድ ለቡ መንገድ ዳር ቆምኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ሽማግሌ አንገቱን ከመኪናቸው ጋር ሲያዞር ያዩ ሚኒባሶች ተሳፋሪ መስዬያቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። አንዱማ ጭራሽ ከፊቴ ቆመ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ፋዘር፣ ሃና ማርያም ነው?»

«የለም ልጄ፣ ፎቶ ነው። እለፉ።»

«ለፎቶማ እንቆማለና። ሾፌር፣ ቁም አንዴ፣ ሊያነሱን ነው።»

«ስትሄዱ ነው የምፈልገው።»

«ስንሄድማ ማን ይነሳል? ፋዘር ደግሞ ይቀልዳሉ» አለና ፀጉሩን አስተካከለ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ምን ላድርግ፣ ቆመው አነሳኋቸው።

ልምምዱ እየገባኝ ሲሄድ ግን ከዚህ በፊት ያላስተዋልኩት ነገር ያስፈራኝ ጀመር። በካሜራዬ መመልከቻ የሚታየው ምስል በመስታወት የሚመጣ ነው። ስጫን መስታወቱ ይነሳል፤ እስኪመለስ ድረስ አይታይም። ፎቶ ቤት ውስጥ ይሄ እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው፣ አይታወቅም። መዝጊያው ሲዘገይ ግን ጨለማውም ይረዝማል። ፎቶው በሚነሳበት በዚያችው ቅጽበት፣ የማነሳውን ነገር እኔ አላየውም።

የሁለተኛው ውድድር ዕለት እሑድ ነበር። ባለቤቴ ሃና ማርያም ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ ስትመለስ በር ላይ ያዘችኝ። ከእኛ ጋር መምጣት አልሆነላትም፤ የመኪናውን ድምፅ አልችለውም ብላለች። «ዓይንህን ከእሷ ላይ እንዳትነቅል» አለችኝ። «የምነቅል ይመስልሻል?» አልኳት። ስለ ጨለማው አልነገርኳትም።

ቦታው ከለቡ ወጣ ብሎ ነው። አስፋልት ያልለበሰ መንገድ በገመድ ዘግተውታል። መታጠፊያው ጋ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ቆምኩ። አጠገቤ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ የአካባቢው ባላገር ቆመዋል፤ ከተማው ከእርሻቸው ያስቀረላቸው ከመታጠፊያው ማዶ ያለውን የሽምብራ ማሳ ብቻ ነው።

«ጋዜጠኛ ነዎት?» አሉኝ።

«አባት ነኝ።»

«የየትኛው?»

«የቀይዋ።»

ቀይዋ ከውድድሩ በፊት ለሙከራ ስታልፍ በዓይናቸው ተከተሏት። «እሷማ ትቸኩላለች» አሉ። ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ተቀበልኳት፣ ተጫንኩ፣ ጨለመ፣ ነጋ፣ አለች። በሁለተኛውም አለች። መኪናዋን መንገዱ ላይ ያቆማት የእኔ ዓይን ይመስለኝ ጀመር። ብነቅል የምትወድቅ። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፎቶው ይቅር፣ ዝም ብዬ ልያት አልኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ሳትደርስ ጀምሮ ድምጿን ሰማሁ፣ ወገቤም ሳላዘው ዞሮ ጠበቃት።

መጣች። አብሬያት ዞርኩ። ተጫንኩ።

በጨለማው ውስጥ የጎማው ድምፅ ተለወጠ። መሬት መፍጨቱን ትቶ እንደ ወንፊት ሸሸሸ አለ። እጄ ሊቆም ፈለገ። ወገቤ ግን የለመደውን አልተወም፣ መሸኘቱን ቀጠለ። ሲነጋ መመልከቻው ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ፣ አቧራ አለ። ልጄ የለችም።

ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩ። «የት ሄደች?»

«ወጥታለች» አሉ ሰውየው፣ ክንዴን ይዘው።

«ምን ማለት ነው ወጥታለች?»

«ከመንገዱ። ማሳው ውስጥ ናት። ቁጭ ይበሉ።»

አልተቀመጥኩም። ልሩጥም ብል ሰውየው ክንዴን አልለቀቁኝም። አቧራው አይወርድም። ዓይኔን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ለፎቶ ብዬ ነቀልኩ፣ ለእናቷ ምን እላለሁ እያልኩ ቆምኩ። አቧራው ሲሳሳ ቀይዋ ታየች፤ አልተገለበጠችም፣ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ቆማለች። በሩ ተዘግቷል። ያን በር ያየሁትን ያህል በሕይወቴ ያየሁት ነገር የለም።

ተከፈተ። ልጄ ወጣች፣ ራስ ቁሯን አወለቀች፣ ጎንበስ ብላ የፊት ጎማውን መረመረች።

ባላገሩ ክንዴን ለቀቁኝ። «ጎማዋን ነው የምታየው፣ ደህና ናት። ደህንነቱ ያልተጠየቀው የእኔ ሽምብራ ብቻ ነው።»

እየተራመደች መጣች። መጀመሪያ ለሰውየው አጎንብሳ «ይቅርታ አባባ፣ ማሳዎን አበላሸሁ» አለቻቸው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አነሳኸኝ?»

ካሜራውን ሰጠኋት። ፎቶው ወጥቷል። ቀይዋ ጥርት ብላ፣ መሬቱ ከኋላዋ ድር ሆኖ ተስቦ። «ይኸው ነው አባዬ፣ ይሄንን ነው ያልኩህ» አለች። እኔ መኪናዋን አላየሁም። በመስኮቱ በኩል ፊቷ ይታያል፤ ከንፈሯ ተጣብቋል፣ ጉንጯ ተነፍቷል።

«ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው እንዴ የምትነጂው?»

«መታጠፊያ ላይ ብቻ።»

«ማን አስተማረሽ?»

 «ስንት ጉርድ ፎቶ ነው ያነሳኸኝ አባዬ?»

አሁንም በየቃሉ መሃል ትንፋሿን እየያዘች ኖሯል። «ተንፍሺ» አልኳት። ተነፈሰች። ከዚያ በኋላ ነው ጎማው ክምር ላይ ቁጭ ያለችው። ካሜራውን ቀስ ብዬ ተቀበልኳትና እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ የልጅቷን ጀርባ፣ አንገቷን፣ ክርኗን እንደ ሕፃን ዳበሰች። ማታ ልጅቷ ስትተኛ ወደ እኔ መጣች።

«ዓይንህን አልነቀልክም አይደል?»

ልዋሽ አሰብኩና ተውኩት። ስለ መስታወቱ ነገርኳት፣ ስለ ጨለማውም። 

«ሲጨልምብህ እጅህ ቆመ?»

«አልቆመም።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ለሚቀጥለው እኔም እመጣለሁ» አለች። «አንተ ሲጨልምብህ እኔ አያታለሁ።»

ድምፁን አትችይም ልላት ነበር፤ ተውኩት። እሷ ድምፁን ከምትፈራው ይልቅ እኔ ጨለማውን እፈራለሁ።