የስታፋው ጫፍ

በሕንፃው ሥራ ላይ ብረት የሚቆርጡትና የሚያጥፉት የፌራዮዎቹ አለቃ ሰው አያምንም ነበር። ብረት ሲራገፍ የእያንዳንዱን ዘንግ ርዝመትና ውፍረት ይለካል፤ ክብደቱን በቃሉ ያሰላል፤ ከዚያም የገዛ ስሌቱን ስለማያምነው ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ሠራተኞቹ «ጋሽ ሚዛን» ያሉት ስለዚህ ነው። የሜትሩ ነገርማ አይነሳ! ከኪሱ የምትወጣው ለእሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን፣ የምሰሶ ዘንጎችን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ተቆርጦና ታጥፎ ሳያልቅ፣ ብረቱ አለቀ። በእሱ ስሌት ግን ለሁሉም ምሰሶ በቅቶ መትረፍ ነበረበት። ደሙ ፈላ።

«ብረት እግር አያወጣም!» ብሎ ወደ በሩ ገሠገሠ። ዘበኛው የእህቱ ባል ነው፤ ሥራውንም ያስገኘለት እሱ ነው። ይህም ጥርጣሬውን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

«አማቼ ብዬ ባስገባህ ጉድ ሠራኸኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ብረት ምን ያደርግልኛል? ልብላው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ!»

ወዲያው የሚወጣ ሁሉ በር ላይ እንዲፈተሽ አዘዘ፤ ዘበኛውም እንዲባረር ተቋራጩን ጠየቀ። «ማስረጃ አምጣና ዛሬውኑ ይሄዳል» አለው ተቋራጩ። እህቱ ደውላ «የልጆቼን አባት ሌባ አልከው?» ብላ ስታለቅስ እንኳ «ሚዛን ይፍረድ» ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

ሚዛኑም ፈረደ። የታጠፈው ስታፋና ቁርጥራጩ ተሰብስቦ ሲመዘን፣ የገባው ብረት አንድም ሳይጎድል እዚያው ግቢ ውስጥ ተገኘ።

«ታዲያ ማን በላው?» ብሎ ጮኸ። ከክምሩ ሥር አንድ፣ ከላይ አንድ ስታፋ አንሥቶ አስተያየ። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ወደ ውስጥ የሚቆለመመው ጫፋቸው ግን የአንዱ ጣት፣ የሌላው ስንዝር ያህላል። ቆራጩን ጠራው።

«በምን ነው የለካኸው?»

«በተቆረጠው ነዋ። የመጀመሪያውን እርስዎ ሰጡኝ፤ በእሱ ሁለተኛውን፣ በሁለተኛው ሦስተኛውን እያልኩ...»

በጠመኔ አስምሮ ከመስመሩ ወዲያ ሲቆርጥ፣ እያንዳንዱ ከቀዳሚው በጠመኔ ውፍረት እየበለጠ ሄዷል።

«ሜትር አትጠይቅም ነበር?»

«ጠይቄዎ 'ሜትሬን አላውስም፣ በተቆረጠው ለካ' አላሉኝም?»

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል። አለቃው ስታፋውን ወርውሮ ተቋራጩ ዘንድ ሄደና «ዘበኛው ይቆይ፤ ጥፋቱ የቆረጣ ነው» ብሎ፣ የማን ቆረጣ እንደሆነ ሳይጠየቅ ወጣ።

በሩ ላይ ዘበኛው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«እጅዎን ያንሡ፣ ጋሼ።»

«እኔን ነው?»

«የሚወጣ ሁሉ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እየተነጫነጨ አነሣ። ዘበኛው ከአለቃው ኪስ ሜትሩን አወጣ።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የኔ ናታ!»

«ማስረጃ?»

ከኋላ የቆሙት ሠራተኞች ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። አለቃው ካፈርኩ አይመልሰኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ የአማቹ ዓይን ግን አይስቅም ነበር። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«በል፣ ጠዋት ለቆራጩ ስጥልኝ» አለ። ጥቂት ተራምዶ ዞረና፣ «እንዳይጥላት ግን ንገረው!» ብሎ ጮኸበት። «ለእህቴም... ማታ እንደምመጣ ንገራት።»