ግልባጭ፦ ለጥበቃ

ዛሬ ጠዋት ሶዶ የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ ዘበኛችን ጋሼ ዳና "ቲቸር፣ አይዞሽ፤ ጌታ ያውቃል" አሉኝ። ምኑን?

"ደብዳቤሽን ነዋ! ግልባጩ እኔ ጋ ደርሷል።"

ዋናው እኔ ጋ የደረሰው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። "ጥብቅ ምስጢር" ይላል። የተማሪ ምስጢር አውጥተሻል ተብዬ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል።

ጥፋቴ ይኸው፦ ረቡዕ ጸሎት ኅብረታችን ላይ "በማስተምርበት ክፍል አባቷ ጥሏቸው የሄደ አንዲት ልጅ አለች፤ ጸልዩላት" አልኩ። ስሟን አልጠራሁም። ከሁሉም ጮክ ብላ "አሜን!" ያለችው የዳይሬክተራችን ባለቤት ነበረች። (አሜኗ ቢሮ ድረስ እንደሚሰማ ዛሬ ገባኝ።)

ደብዳቤው ግን የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጽፎታል። ጥሏቸው መሄዱንም ጭምር። ግልባጭ፦ ለሁሉም መምህራን፣ ለላይብረሪ፣ ለጥበቃ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ዳና ልጅቷን በስሟ ጠርተው "አይዞሽ፣ አባትሽ ይመለሳል" ሲሏት ሰማሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለማጽናናት ብለው ነው።

ልጅቷ ጉዳዩን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር። ዞራ ያየችውም እኔን ነው።

እንዲህ የገጠማችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ነገ ክፍል ስገባ ምን እንደምላት ንገሩኝ።