ቀዩን ከማጥፋትሽ በፊት

ሰውዬው መጋዘኑ በር ላይ የቆሙት ባዶ ጆንያ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ነው። ጋሪያቸውን ከአጥሩ ጋር አስጠግተውታል፤ ጥቁሩ ፈረሳቸው ጆሮውን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ከሲናና በኩል ሳይነጋ ተነሥተው የመጡ ገበሬ ናቸው። ዝናቡ ሳይቀድማቸው የሚዘሩትን ምርጥ የስንዴ ዘር ሊወስዱ ነው የመጡት። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፍኩ። አንድ ስም ወጣ። አጠገቡ «ወስዷል» ይላል።

«ወስደዋል እኮ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ዘሩን። ትናንት።»

ጆንያውን ከብብታቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። «በዚህ ነው የወሰድኩት?» አሉ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሥራዬ እንከን የለም ብዬ አምን ነበርና።

ሮቤ የመጣሁት ለሥራ ነው። አገሬ ጎጃም ነው፤ እናቴን ለማየት ሁለት ቀን በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የምሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል። የተማርኩት የመረጃ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አምስት ነገር ጻፈ፦ ሰው፣ አሠራር፣ መረጃ፣ ፕሮግራም፣ መሣሪያ። «አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ስለገዛ የመረጃ ሥርዓት አለው አይባልም» አለን። «አምስቱ ሲገጣጠሙ ነው። መቁጠር የምትጀምሩትም ከሰው ነው።» ፈተና ላይ መጣ፤ በትክክል መለስኩ። ሌላ ምን ልበል፣ በቃሌ አውቀው ነበር።

ፕሮግራሙ ከመምጣቱ በፊት በዩኒየኑ ሁሉ ነገር የነበረው በመጋዘን ኃላፊያችን ባሕር መዝገብ ላይ ነው። ጡረታቸው የደረሰ የሮቤ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ትንፋሽ ያወሩታል። ከስሙ ጎን በእርሳስ ትንንሽ ምልክት ያደርጋሉ። ሥራ አስኪያጃችን «ከእንግዲህ መዝገብ የለም፤ ዝርዝሩ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ» ሲሉ ያን ሁሉ ገጽ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ የእርሳሱን ምልክት ግን ተውኩት። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ፕሮግራሙ መስመሩን ቀይ ያደርገዋል፤ ተደጋጋሚ ነው ማለቱ ነው። ቀይ ካለ ዝርዝሩ አይጸድቅም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ ሽማግሌው የመጋዘን ኃላፊ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቀዩን ከማጥፋትሽ በፊት ጠይቂኝ።»

ጠየቅኋቸው። ቀናት ሙሉ ጠየቅኋቸው። «ይሄ አንድ ሰው ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንግቶ ሁለቴ ጽፎት ነው፤ አጥፊው።» «ይሄ ሁለት ነው፤ አትንኪ፤ የሁለቱንም ሠርግ በልቻለሁ።»

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። አንድ ቀይ ብቻ ቀርቶኛል። የራሳቸው ስም አንድ፣ የአባታቸው አንድ፣ የአያታቸው አንድ፣ ቀበሌው አንድ፣ ስልክ ቁጥሩም አንድ። ቀና ብዬ የሽማግሌውን ወንበር አየሁ፤ ለጁምዓ ሰላት ወጥተዋል። ዐቢይ ጾም ነው፤ የከሰዓቱ ቅዳሴ ሊገባ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ስልኩ አንድ ከሆነ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ አልኩና «አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩት። ዝርዝሩ ነጣ። ነጠላዬን አጣፍቼ ደወሉ ሳያበቃ ደረስኩ። ቆሜ ሥራዬን ስላስጨረሰኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ይህንን ያልጻፍኩት እንደሆነ የቀረውን መጻፌ ምን ይረባል።

ወረፋው ሳቁን ሳይጨርስ ሽማግሌው ከመጋዘኑ ወጡ። ገበሬውን ገና ሲያዩ በኦሮምኛ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ፈረሱ ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ስም፣ ከየስሙ ጎን የተለያየ የእርሳስ ምልክት። ዘመድ እንኳ አይደሉም። አንደኛውን መንደሩ በበኩር ልጁ ስም፣ የእገሌ አባት ብሎ ይጠራዋል። እኚህኛው ልጅ አልወለዱም፤ በፈረሳቸው ቀለም ነው የሚጠሩት።

«ስልካቸውስ?» አልኩ።

«የሊቀመንበሩ ነዋ። ስልክ የሌለው ሁሉ የሱን ነው የሚያስጽፈው።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሮጬ ገባሁ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ቢያንስ እሳቸው ዘንድ አልዋሸሁም።

«ዝርዝሩ ጸድቋል» አሉኝ። «የተረፈው ዘር ማለዳ ለሌላ ወረዳ ተጭኗል። ለአንድ ሰው ብለን ብንከፍተው ነገ በሩ ላይ የሚሰለፈውን አንችለውም።»

«ሰውዬው ምን ይዝሩ?»

«ፕሮግራሙን ለሠሩት ሰዎች ደውዪ። ጉዳዩ የነሱ ነው።»

አዲስ አበባ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ናት ያነሣችው። «ጥያቄሽን መዝግቤልሻለሁ፣ ይታያል» አለችኝ። በማግስቱ ደወልኩ፤ «እየታየ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሮቤም ሲናናም ላይ ዝናብ ጣለ። የሮቤ ሰው አልሐምዱሊላህ ይላል፣ እኔ ቆርቆሮውን እየሰማሁ ያልተዘራውን ማሳ አስባለሁ። ገበሬው በየጠዋቱ እየመጡ ከመስኮቴ ፊት ይቆሙ ነበር። አይቆጡም። ወረፋ የያዘው ሰው «ሲስተሙ ጣላቸው» ይላል፤ ጥበቃው «ሲስተሙ ነው፣ አባባ» ይላቸዋል። እሳቸውም ኮምፒውተሩን እንደ ተናካሽ ውሻ ከሩቅ ያዩታል። እኔ ከጀርባው ተቀምጫለሁ። ለሥራ አስኪያጁ የተናገረ አፌ ለእሳቸው አልከፈት አለ። በአምስተኛው ቀን አልመጡም።

አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው።

«ስሕተት ነው ወይስ ቸልታ?» አሉኝ።

«ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው፣ አባ።»

«ሰውዬው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ለእኔ መንገርሽ ግማሽ ነው» አሉና እንደ ልማዳቸው በክርስትና ስሜ ጸልየውልኝ ዘጉት። ሮቤ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ሰው በመሥሪያ ቤት ስሜ ብቻ ቢፈልገኝ እሳቸው ዘንድ አልገኝም። ሰው ከጽሑፉ ውጪ ሌላ መጠሪያ እንዳለው ለእኔ ሌላ ሰው ሊነግረኝ ይገባ ኖሯል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ምሳቸውን እየፈቱ፣ ሳያዩኝ፣ «ሰውዬው ፈረሱን ገሰራ ገበያ አውጥቶ ሸጠው» አሉ።

«የቱን?»

«ስንት አለው?»

ገበሬው በዚያው ገበያ የተገኘውን ዘር ገዝተው ዘግይተው ዘሩ። በሰኔ ለሥራ ሲናና ስሄድ የመንደሩ ሰዎች ማሳቸውን አሳዩኝ። ምርጡን ዘር የዘራው የጎረቤቱ አረንጓዴ ነው። የእሳቸው ቅጠሉ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ዋግ መቶታል። አንዱን ቅጠል ስነካው ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። በነጠላዬ ጠረግሁት፤ ነጠላዬ ላይ ቀረ።

ለፕሮግራሙ ሰዎች «በምን ይጠራሉ?» የሚል ቦታ እንዲጨምሩልኝ ጻፍኩ። ፎርሙ አይቀየርም አሉ። እኔም «አስተያየት» በሚለው ባዶ ቦታ በየሰዉ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ አልፈቀዱልኝም፤ አልጠየቅኋቸውምም። ስልኩንም «የራስዎ ነው ወይስ የሊቀመንበሩ?» እላለሁ። ወረፋው ይረዝማል፣ ሰዉ ያጉረመርማል። ይጉረምረም።

ለቀጣዩ ወቅት ምዝገባ ሲጀመር ገበሬው በእግራቸው መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ። ያኔ ኮምፒውተሩ አይደለም የጣለዎት። እኔ ነኝ ያጠፋሁዎት። ሽማግሌውን ጠይቂ ተብዬ ሳልጠይቅ፣ ቸኩዬ።»

አዩኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አሁንስ?» አሉ። «ጂራ? አለሁ ወይ?»

ተመልሼ ገብቼ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ሲለኝ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ በሦስቱም ስም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አሉ» አልኳቸው። አስተያየቱ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«በምን ብዬ ልጻፍ፣ አባባ?»

«ያው በፈረሱ ነዋ» አሉ። «ሰዉ ሌላ መጠሪያ አያውቅልኝም።» ቀጥለውም፣ «ፈረሱ የታለ ብለው እንዳይጠይቁሽ ብቻ» አሉ።

ጻፍኩት። ዘሩ እስኪታደል ድረስ በየጠዋቱ፣ ገና ማተቤን ነክቼ ሳልቀመጥ፣ ያንን መስመር ከፍቼ አይ ነበር። በየጠዋቱ እዚያው አሉ። ሲናና ውስጥ ግን ያ ማሳ ቢጫ ነው፤ እኔ ሮቤ ሆኜ የማየው መስመሩን ብቻ ነው።