የቀሩት ሁለት ምሁራን

ይህ የሆነው ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የፎቶኒክስ (የብርሃን ሳይንስ) ጉባኤ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የሌዘር ጥናት ላቀርብ «ዶክተር አበራ» እስክባል እጠብቃለሁ። መድረክ መሪው ግን «ዶክተር ከበደ!» እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ብቅ ያለ የለም።

«ምን ዓይነት ዝርክርክ ምሁር ነው?» አልኳቸው፣ አጠገቤ ተቀምጠው እንደኔው ተራቸውን ለሚጠብቁት፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው በአውሮራ ከተማ ለሚኖሩት ኤርትራዊ፣ ለዶክተር ዮሐንስ።

«ጉድ እኮ ነው! በእኛ ጊዜ ነውር ነበር» አሉ።

ቀጥሎ «ዶክተር ተክሌ!» ተባለ። እሱም የለም።

«ይኸውልዎት፣ ሌላው ቀልደኛ!»

«ተያይዘው ጠፍተው ይሆናል» ብለው ሳቁ።

«ከበደ» የአባቴ ስም መሆኑ፣ አሜሪካኖችም በአባት ስም እንደሚጣሩ የተገለጠልኝ አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር። ከሐፍረቴ የተነሳ ለዶክተሩ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ የልጃቸው የሠርግ መጥሪያ ደረሰኝ። ግርጌው ላይ «ጠሪ አክባሪዎ፣ ዶክተር ዮሐንስ ተክሌ» ይላል።