ሜዳውን ያስዘጋሁበት ዱዓ

ሞኝነቴን እኔው ልናገረው፤ ሌላ ሰው ሲያወራው የበለጠ ያምርበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልረገጥኩት ሜዳ ላይ ቤት እንዳይሠራ ካርቱም ተቀምጬ ያስከለከልኩት እኔ ነኝ። ያውም በቀልድ።

ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፣ ዴም የሚባለው የካርቱም ሰፈር ገና ሰው ሞልቶበት። እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በሯ ላይ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁና የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖር ነበር። ቀን ቀን ሰው አይጠፋም፤ አስቀዋለሁ፣ ስቆብኝ ይሄዳል። በሬን ስዘጋ ግን ከቬንትሌተሩ በቀር የሚያወራኝ የለም። እሱም አንዱን ነገር ነው የሚደጋግመው፤ መብራት ሲሄድማ ጭራሽ ያኮርፋል።

ወሎ ያለችው መንደራችን ትንሽ ናት። ከመስጊዱ በታች ሁሉም ከብቱን የሚያሰማራበት የጋራ ሜዳ አለ። ወረዳው ይህን ሜዳ ሸንሽኜ ለቤት መሥሪያ ልስጥ፣ ከስደት ለሚመለሱትም ይድረሳቸው አለ። ሽማግሌዎቹ ካልተስማሙ ግን አልነካውም ብሎ ነገሩን ለነሱ ተወላቸው። እነሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱን አዋጥቶ ቆርቆሮ ያለበሰው ካርቱም ያለው ልጃችን ሁሉ ነው፣ ሳንጠይቀው አንወስንም አሉ። ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በስልክ እንገናኝ ተባለ። ስብሰባው እኔ ክፍል ሆነ። ሰፊ ስለሆነች አይደለም፤ ሚስትም ልጅም ስለሌለኝ የሚረበሽ የለም ብለው ነው።

ነገሩን ከማንም በላይ የፈለገችው ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የአገራችን ልጅ ነበረች። ካርቱም ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ወንድማቸው ጓሮ ተጠግተው ነው የሚኖሩት፤ የወንድማቸው ሚስት ደግሞ ሰላምታ የምትሰጣቸው በዒድ ብቻ ነው። ልጅቷ አንድ ቦታ ካገኘች ሁለት ክፍል ሠርታ፣ እናቷን ይዛ ልትገባ ነው ሐሳቧ። ሳምንቱን ሙሉ እየደወለች፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትጀምሩ ስትለኝ ሰነበተች። ኢንሻላህ አልኳት። በዕለቱ ግን የምትሠራበት ቤት ድንገት እንግዳ መጣና ሴትዮዋ አለቅም አለቻት።

ትንሽ ጠበቅናት። ከዚያ ስልኩ ተደወለ። ድምፁን ከፍ አድርገን መሬት ላይ አስቀመጥነው፤ አሥራ ምናምን ሰው ዙሪያውን ከበበው። ወዲያ ማዶ መንደሩ በሙሉ መስጊዱ ደጅ ተሰብስቧል። አንዱ ከብቱ የት ይሂድ ይላል፣ ሌላው ሰውስ የት ይሂድ ይላል። ግማሹ ይሰጥ የሚሉም ነበሩ፤ ነገሩ ወደዚያው ያዘነበለ ይመስል ነበር።

የኔ ተራ ሲደርስ ስለ ሜዳው አወራሁ። ሣሩ ጉልበት ድረስ እንደነበር፣ ክረምት መሐሉ ላይ ውሃ ሲቋጥር ሱሪያችንን አውልቀን እንደምንገባ፣ የኔን ሱሪ ጥጃ በልቶብኝ ራቁቴን ቤት እንደገባሁ። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። እውነቱን ለመናገር ሜዳው እንዳለ እንዲቆይልኝ ነበር የፈለግኩት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምሄድበት እሱ ብቻ ነው። በእግሬ እንደማልመለስ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ክፍሌ ውስጥ ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ሳቅ ገብቶ አያውቅም። መቼም ሳቅ ያሰክራል። ለመዝጊያ እንዲሆን እንደ አገራችን አባቶች እጄን ዘረጋሁ፣ ድምፄን አወፈርኩ።

«ያ ረቢ፣ ሜዳችንን ከቆርቆሮ ጠብቅልን። ቤት የሚሠራበትን ሰው ኮርኒሱን በሬ ይላስበት።»

ሴቶቹ እየሳቁ አሚን አሉ። በስልክ ፊት አይታይ፤ የወዲያኞቹ የሰሙት ዱዓ ነው። መንደሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ አሚን አለ። ስብሰባውን የሚመሩት ሸህ አላህ ይቀበለን፣ ነገራችን አለቀ ሲሉ ይሰማል። እኛ አገር በዱዓ የተዘጋ ነገር ተመልሶ አይከፈትም። የሚከፍተው ሰው ደግሞ ከብቱ በታመመ፣ ልጁ በወደቀ ቁጥር ጣት ይቀሰርበታል።

«ሸህዬ፣ ቀልዴን ነው'ኮ» አልኩ።

«በዱዓ አይቀለድም ልጄ» አሉ።

መልሼ ብደውል ሰው ተነሥቷል። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አንስቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዷል አለኝ። እኔም ጋ ያሉት አንድ በአንድ ወጡ፤ ስንብታቸው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

ልጅቷ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ጥቂት ሲቀረው በረክሻ፣ በዚያ አገር ባጃጅ፣ እየበረረች ደረሰች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ከእንግዶቹ የተረፈ ሩዝና ሥጋ በላስቲክ ቋጥራ ይዛልኛለች፤ ዐርብ ዐርብ ብቻዬን ምን እንደምበላ ታውቃለች። የሆነውን ነገርኳት። የበሬውንም ሳላስቀር።

አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ምግቡን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና ስልኳን አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«እናቴ ከጠዋት ጀምራ ስልኳን ታቅፋ ነው ያለችው» አለችኝ። «እኔ አልችልም፣ አንተ ንገራት ጋሼ። እያሳቅህ ንገራት፤ እሱን ትችልበታለህ።»